ሰፊው ሌንስ የደረሰበት ጥግ

ካምፓላ ያለ ሐበሻ ሰርግ ሲደግስ ለቪዲዮ ቀራጩ ለዓለምሰገድ የሚደውለው ሥራው ስለሚያምር ብቻ አይደለም። "ጥግ ያውቃል" ይሉታል። በየድግሱ ካሜራ እንዳያገኛቸው የሚፈልጉ ሰዎች አይጠፉም። አንዱ የስደተኝነት ጉዳዩ ገና አላለቀለትም፤ አንዱ ሳይሰናበት ከውትድርና የወጣ ነው፤ አንዷ ደግሞ ማን እንደሚፈልጋት መናገር አትወድም። ባለድግሶቹ እነዚህን ሰዎች ባንድ በኩል ያስቀምጡና ቀራጩን "ጥጉ በዚያ ነው" ይሉታል። ከዚያ በኋላ ኃላፊነቱ የቀራጩ ነው። ዓለምሰገድ ጥግ ያለ ሰው ቀርጾ አያውቅም ነበር።

አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ተወልዶ፣ እዚያው ፎቶ ቤት ውስጥ እጁን ያፍታታ ሰው ነው። አሁን ማኬሬሬ ኮረብታ ግርጌ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ለተማሪዎች ጉርድ ፎቶ ያነሳል፤ ሰርግ ሲገኝ ሰርግ ይቀርጻል። ቪዲዮ ካሜራው አሮጌ ነው። አፍንጫው ላይ አዳፕተር የሚሉት ጣሳ የሚያህል ቱቦ ተገጥሞለታል፤ ቱቦው ውስጥ ደብዛዛ መስታወት አለ፤ ከፊቱ የፎቶ ካሜራ ሌንስ ይታሰርበታል። ሌንሱ ምስሉን መስታወቱ ላይ ይጥላል፤ ቪዲዮ ካሜራው መስታወቱን ይቀርጻል። ሙሽራዋ ጥርት ትላለች፣ ከኋላዋ ያለው ይለሰልሳል። ደንበኛ የሚወደውም ይህንን ነው።

ጣጣው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ምስሉ ተዘቅዝቆ ይመጣል። ዓለምሰገድ የስክሪኑ ማጠፊያ ላይ ትንሽ ማግኔት ለጥፎ ካሜራውን አታሎታል፤ ስክሪኑ የዞረ መስሎት ምስሉን ያቃናል። ሁለተኛ፣ ስክሪኑ ከሚቀዳው ላይ ዙሪያውን ቆርጦ ነው የሚያሳየው። ለዚህም መላ ነበረው፤ መቀረጽ የሌለበትን ነገር ከስክሪኑ ጠርዝ የአንድ ጣት ያህል አርቆ ያስቀምጠዋል። ሃምሳ በሚባለው ሌንስ ሲሠራ ኖሮ ጣቱ ልኩን ለምዶታል።

ከዚያ ኮሮና መጣና አዳራሽ ተዘጋ፤ ሰርግ ሳሎን ገባ። በፈረንጆቹ ሃያ ሃያ አንድ መገባደጃ ገደቡ ትንሽ ላላ ቢልም ሰዓት እላፊው ከማምሻው ስለሚጀምር ሰው በቀን ደግሶ በቀን ይበተናል። መምጣት ያልቻለ ዘመድ ሁሉ ባለበት አገር ሆኖ በስልኩ በቀጥታ ያያል። ከሐይቁ በላይ ሙቱንጎ ኮረብታ ላይ የሚኖሩት ወይዘሮ አክበረት ልጃቸውን ለቲን የዳሩት በዚህ ወቅት ነው።

ዓለምሰገድ ሳሎኑን ለማየት አስቀድሞ ሄደ። ካሜራውን ይዞ ወደ ኋላ ቢል፣ ቢል፣ ጀርባው ግድግዳ ነካ። በሃምሳው የሚገባለት ግማሽ ሶፋ ብቻ ነው።

"አንተ፣ ግድግዳውን ገፍተህ ጎረቤት ልትገባ ነው እንዴ?" አሉት ወይዘሮ አክበረት።

"እትዬ፣ ቤትዎ ጠቧል።"

"ቤቴ አልጠበበም፤ ያንተ ካሜራ ነው ዓይኑ የጠበበ። ሌላ ዓይን ፈልግለት።"

ጥጉን ያሳዩትም ያኔ ነው። ከጓሮ ባለችው ክፍል ሓርነት የምትባል ሴት ኤልዳና ከምትባል ትንሽ ልጇ ጋር ተጠግታ ትኖራለች። ከግራ ጆሮዋ እስከ አገጯ የወረደ ጠባሳ አለባት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ አነጋገረችው።

"ጋሽ ዓለም፣ የልጄ አባት ጁባ ነው ያለው። ክፍሎም ይባላል። ናይሮቢ የገባሁ መስሎት እዚያ ሰው ልኮ ሲፈልገኝ ነው የከረመው። ካገኘኝ ልጄን ይወስዳታል። እኔን ምን እንደሚያደርገኝ ደግሞ..." ጣቷን ጠባሳው ላይ አሳረፈች። "ይሄ ማስጠንቀቂያው ነው። የሰርጉን ቀን ክፍሌን ዘግቼ ብውል ይሻለኛል።"

"ሞቼ ነው!" አሉ ወይዘሮ አክበረት። "ልጄ ስትዳር አንቺ እንደ ሌባ ተደብቀሽ? ዓለምሰገድ እያለ? ሰውዬው ጥግ ያውቃል አልኩሽ እኮ!"

ሓርነት ወደ እሱ ዞረች። እሱም "አትስጊ" አላት።

ሌንሱን የመረጠው መሓመድኑር ዘንድ ነው። መሓመድኑር ዋንዴጌያ ላይ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ኤርትራዊ ነው፤ አፉ አያርፍም።

"ያ ሬሳ ካሜራህ አልተቀበረም?"

"ቀብሩ ላይ አንተን እጠራሃለሁ። ሰፊ ሌንስ አሳየኝ፤ ቀለበት ያለው።"

"ቀለበት ያለው" ማለቱ ያለምክንያት አይደለም። አዳፕተሩ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ በቀለበት በእጅ የሚከፈት ካልሆነ አዲሱ ሌንስ ሁሉ እንደተጨፈነ ይቀራል። መሓመድኑር ሦስት አወጣ፤ የሌንሱ ቁጥር ባነሰ መጠን እይታው ይሰፋል። ዓለምሰገድ አንድ በአንድ ወደ መብራት አነሳቸው፤ የሐይቁ እርጥበት እዚህ አገር ሌንስ ውስጥ ሻጋታ ያበቅላል። ከዚያ እየገጠመ ከፊት ለፊት ያለውን የመስኮት ብረት አየባቸው። ሃያ ስምንቱ ብረቱን ቀጥ አድርጎ ያሳያል፤ ለወይዘሮ አክበረት ሳሎን ግን አይበቃም፤ የሙሽራው ወገን ውጭ ይቀራል። ሃያው ሁሉን ያስገባል፤ ግን ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ምስሉ ይጨልማል፤ ደብዛዛው መስታወት አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ብረቱም እንደ ቀስት ይጎብጣል። ሃያ አራቱ መሐል ላይ ነው። ቀዳዳው ሰፊ፣ ብርሃኑ ጥሩ፤ ብረቱን ጠርዝ ላይ ትንሽ ቢለጥጠው ነው።

"ይሄማ ያን ሰውዬ ወንዝ ማዶ ወሰደው!" አለ መሓመድኑር የሱቁ በር ላይ የቆመውን ሰው በስክሪኑ እያየ። "እዚህ አጠገቤ ነው እኮ የቆመው!"

"ሰፊ ብርጭቆ ጠባዩ ነው። ቅርቡን ሩቅ ያስመስልሃል። በሱ እያየህ መንገድ ብትሻገር መኪና ይበላሃል።"

ሃያ አራቱን ይዞ ሄደ።

እሁድ ጠዋት ሳሎኑ ውስጥ ካሜራውን ሐይቁን ወደሚያሳየው መስኮት አዙሮ ተከለ። የሓርነትን ወንበር ወደ ወጥ ቤቱ በር አስጠጋና ስክሪኑን እያየ ከጠርዙ ውጭ አደረገው፤ የአንድ ጣት ያህል ጨመረበት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከወንበሩ እግር ፊት ወለሉ ላይ ጥቁር ቴፕ ለጠፈ።

"ከዚህች ቴፕ ወደ ፊት አትለፊ እንጂ ብትዘፍኚም ካሜራው አያይሽም።"

እሷም ቀኑን ሙሉ ቴፑን አላለፈችም። ኬኩ ሲቆረስ ማስኳን አገጯ ላይ አውርዳ ልጇን አጎረሰች። በቀጥታ የሚያስተላልፈው ላፕቶፕ ከዓለምሰገድ ጀርባ መደርደሪያ ላይ ነበር። ዞር ሲል የሚያየው መስመሩ አለመቋረጡን ብቻ ነው። መስመሩ አልተቋረጠም። እልልታው ቀለጠ፤ ስልክ ላይ ያሉት ዘመዶች የልብ ምልክት ሲያዘንቡ ዋሉ።

ሰኞ ሱቁ ውስጥ ቪዲዮውን በትልቁ ሞኒተር ከፈተ። ኬኩ ጋ ሲደርስ ቪዲዮውን አቆመ። በግራ ጠርዝ፣ ስክሪኑ በማያሳየው ቁራጭ ውስጥ፣ ሓርነት ነበረች። ሌንሱ ፊቷን ወደ ጎን ለጠጥ አድርጎታል፤ ጠባሳው ግን ይለያል።

ስህተቱን ለማግኘት አልተቸገረም። የአንድ ጣቱ ልክ የሃምሳው ልክ ነው። በሃምሳው ያቺ ቁራጭ ክርን ብትይዝ ነው። በሃያ አራቱ ግን ሰው ከነወንበሩ ያነሰ ይሆናል፤ በዚያች ቁራጭ ውስጥ ፊት ሙሉውን ይገባል። ሌንሱን ቀይሮ ጣቱን ሳይቀይር ቀረ።

እንደ ባለሙያ ያሰበው የሠራውን ማረም ነው። ከስርጭቱ በኋላ ኢንተርኔት ላይ የቀረውን ቪዲዮ አጠፋው። ሞባይሉን አንስቶ ለሓርነት ሊደውል አለና ተወው፤ ማን አይቶት ይሆናል? ከጠፋ ጠፋ። ለምን በከንቱ ያስደነግጣታል?

በማግስቱ ከሰዓት ግራጫ ጃኬት የለበሰ፣ ማስኩን በደንብ ያጠለቀ ሰው ሱቁ ገባና በትሕትና እጅ ነሳ።

"የእሁዱን ሰርግ የቀረጹት እርስዎ ነዎት? ስምዎንና ስልክዎን ከቪዲዮው ሥር አየሁት። ከጁባ ነው የመጣሁት፤ ክፍሎም እባላለሁ።"

ዓለምሰገድ ወንበር አሳየው። ሌላ የሚያደርገው አልመጣለትም።

"የሙሽራው ወዳጅ ነኝ፤ ሰርጉ አመለጠኝ። ጥራት ያለውን ኮፒ ለማየት ነው። የኢንተርኔቱ ተነሣ አይደል?"

"የድምፅ ችግር ነበረበት።"

"ድምፁማ ጥሩ ነበር።" ሰውዬው ፈገግ ያለ ይመስላል፤ ማስኩ ከፍ አለ። "እኔ እንኳ መጀመሪያ ስልኬ ላይ ሳየው ዓይኔን ነበር የተጠራጠርኩት። ፊት የተለጠጠ ነው፣ መስመሩም ደካማ ነው። ልተወው ብዬ ነበር። ሲጠፋ ነው አምኜ ከጁባ የተነሣሁት።"

ዓለምሰገድ ሞኒተሩን አልከፈተም። ካሜራውን አንስቶ ትንሹን ስክሪን ዘረጋና አጫወተለት። ጠርዙን የሚቆርጠው ስክሪን ያን ሰዓት ብቻ ጠቀመው። ኬኩ ተቆረሰ፤ በግራ በኩል ማንም የለም። ክፍሎም አንገቱን አስግጎ እስከ መጨረሻው አየ።

"እዚህ ላይ የለችም" አለ።

"ማን?"

"ማንም።" ጣቱን ስክሪኑ መሐል ላይ አደረገ። "ከሙሽሮቹ ኋላ ያለው መስኮት ግን ያምራል። ሌንስዎ ሰፊ ነው፤ ሐይቁን ከነወደቡ አስገብቶታል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

ወጣ። ደጃፍ ላይ ቦዳ የሚሉትን የሞተር ታክሲ ጠርቶ ለሾፌሩ ስልኩ ላይ ያስቀረውን የሰርጉን ምስል ሲያሳየው ዓለምሰገድ በበሩ ስንጥቅ አየ። ሾፌሩ ስልኩን ተቀብሎ ምስሉን በጣቱ አተለቀና ወዲያው ወደ ምሥራቅ በእጁ እያመለከተ "ሙቱንጎ፣ ሴቦ! ሙቱንጎ!" አለ፤ ሴቦ ጌታዬ ማለት ነው።

ዓለምሰገድ ሱቁን ሳይቆልፍ ሞተር ብስክሌቱን አስነሣ። ቦዳው በዋናው መንገድ እንደሚሄድና ናካዋ ላይ የመኪና መጨናነቅ እንደሚይዘው ያውቃል፤ እሱ በውስጥ ለውስጥ ገባ። ሓርነት ስልክ አታነሳም። ወይዘሮ አክበረት ግን አነሡ።

"በሩን ይዝጉት! ለማንም እንዳይከፍቱ!"

"ምነው? ፖሊስ ነው?"

"ክፍሎም ነው።"

ሓርነትን እየጠሩ ወደ ጓሮ ሲሮጡ በስልኩ ተሰማው። ሲደርስ ሓርነት ነጠላዋን ተከናንባ፣ ኤልዳናን በክንዷ ይዛ፣ ከጓሮ በር ቆማ ጠበቀችው። ፌስታል እንኳ አልያዘችም።

"ምን ያህል ታየሁ?"

"ፊትሽ በሙሉ።"

"ቴፑን እኮ አላለፍኩም።"

"አላለፍሽም። ቴፑን ያለቦታው የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ናጉሩ እህቴ ዘንድ እወስድሻለሁ። ሞተሩ ላይ ውጪ!"

ልጅቷን መሐል አስቀመጡ፤ እናቷ ከኋላ ሆና በሁለት እጇ የዓለምሰገድን ጃኬት ጨበጠች። የኮረብታው መንገድ ጠባብና ቁልቁል ነው፤ ከላይ የሚወርድ ከታች የሚወጣውን ሳያይ አያልፍም። የመጀመሪያውን ኩርባ ሲጨርሱ አንድ ቦዳ ከታች ቀስ እያለ ሲወጣ አየ። ከኋላ የተቀመጠው ሰው ግራጫ ጃኬት ለብሷል፤ ስልኩን ደረቱ ላይ ይዞ የየቤቱን መስኮትና ከኋላው ያለውን ሐይቅ እያስተያየ ነው።

"ጎንበስ በይ" አለ ዓለምሰገድ። ሓርነት ፊቷን ነጠላዋ ውስጥ ቀበረች። እሱ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሞተሩን ከዳር አስጠጋ። ሁለቱ ሞተሮች ክንድ ለክንድ ሊነካኩ ምንም ሳይቀራቸው ተላለፉ። ማንም ማንንም አልተጣራም፤ ወይም ከሞተሩ ጩኸት የተነሣ አልተሰማም።

ኩርባውን ዞሩ። ዓለምሰገድ ፍጥነቱን ቀነሰ።

"ማሚ" አለች ኤልዳና፤ ማስኳ አገጯ ላይ ወርዷል። "ያ ሰውዬ ስሜን ጠራኝ።"

ከኋላው ጃኬቱን የያዙት እጆች ጠበቁ። ዓለምሰገድ የሞተሩን የጎን መስታወት ተመለከተ። ከኩርባው ላይ አንድ ቦዳ ዞሮ ቁልቁል እየመጣ ነው፤ ዝንብ ያህላል፤ በጣም ሩቅ ይመስላል። መስታወቱ ግን ጎባጣ ነው፤ ብዙ እንዲያሳይ ሆኖ የተሠራ፣ ሰፊ። እንዲህ ያለ ብርጭቆ ርቀትን ምን እንደሚያደርገው ዓለምሰገድ ያውቃል።

ነዳጁን ሰጠው።