ጅምር ይዛችሁ ኑ

ትምህርት ቤት ገብቼ ነበር ስል ሰው ሁሉ አስተማሪው ማን ነበር ብሎ ይጠይቀኛል። አስተማሪ አልነበረውም እላለሁ። ፈተናስ? አልነበረም። ወረቀትስ ሰጡሽ? አልሰጡኝም። እንግዲያው ይህ ምን ትምህርት ቤት ነው ይሉኛል። ቁጭ በሉና ልንገራችሁ እላለሁ፤ ወሬ ከጀመርኩ ቶሎ ስለማላበቃ መቀመጡ ይሻላቸዋል።

ያኔ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከገባሁ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። በአዝመራ ወቅት መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ አበጥራለሁ፤ አዝመራው ሲያልቅ ምላያ እጠልፋለሁ። ምላያ ሱዳኖች እንግዳ ሲመጣባቸው አልጋ ላይ የሚያነጥፉት አንሶላ ነው። ሌሎቹ ሴቶች ከገበያ በገዙት ወረቀት ላይ ያለውን ጽጌረዳ ጨርቁ ላይ ገልብጠው በክር ይሞሉታል። እኔ መገልበጥ ከቶ አልሆነልኝም። እጄ ያየሁትን ካልሠራ አይረጋም። ክረምት ላይ ዋልካ ጭቃ የዋጠው ሎሪ፣ ከሎሪው ወርደው ቀሚሳቸውን ሰብስበው የሚገፉ ሴቶች፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አንጠልጥሎ ወረቀታችንን ገልብጦ የሚያነብ ፖሊስ፤ ይኸን ነበር የምጠልፈው። ገዢዎቼ እየሳቁ፣ አበባ የለሽም ወይ ይሉኛል። የለኝም እላለሁ። ከሳቁ በኋላ ግን ይገዙልኝ ነበር።

ፊደልም ያወቅሁት እንዲሁ ነው። ሐበሻ ሱቅ የሚሸጠውን የካሴት ሽፋን እያየሁ፣ ዘፈኑን ስለማውቀው የትኛው ፊደል የትኛው ድምፅ እንደሆነ እየገመትኩ ለየሁት። ማንም ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ የለም። ስለዚህ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር በሩቁ የማየው፣ የሌላ ሰው ግቢ ነበር።

አንድ ቀን ገበያ ላይ አንዲት ረጅም ሱዳናዊት መጣች። የተጠቀለለችበት ቶብ ነጭ፣ ጥፍሯ ሥር ግን ሰማያዊ ቀለም ነበር። ምላያዬን አነሳችና ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ገልብጣ አየች። ጀርባ የሚያይ ሰው ሥራ ያውቃል፤ ክሩ የት እንደታሰረ፣ የት እንደተሰረቀ የሚታየው እዚያ ነው። ከየት ገለበጥሽው አለችኝ። ከየትም፣ አልኳት። ሣቅ ብላ በዐረብኛ የተጻፈ አንድ ወረቀት ሰጥታኝ ሄደች።

ዐረብኛ እናገራለሁ እንጂ አላነብም። ወረቀቱን ያነበበችልኝ ግቢ የምንጋራው ጎረቤቴ ነች። እሷ የጎንደር ሙስሊም ነች፤ ቅመም ትሸጣለች፤ በልጅነቷ ቁርአን ስለቀራች ጽሕፈቱ አይጠፋትም። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ አንድ አሮጌ የሰሊጥ መጋዘን አለ፤ እዚያ ሥዕልና የእጅ ሥራ የሚሠሩ ሰዎችና ምርምር የሚያደርጉ ሰዎች ለስድስት ወር አብረው ይሠራሉ ይላል ወረቀቱ። አስተማሪ የለም፤ አንዱ ለሌላው ነው። የመጀመሪያው ሳምንት መተዋወቂያ ነው፤ የፈለገ ሁሉ ይመጣል። በሳምንቱ መጨረሻ ግን እያንዳንዱ ባለእጅ አንድ ተመራማሪ ጓደኛ ማግኘት አለበት። ጓደኛ ያላገኘ ወደ ቤቱ ይመለሳል። መጨረሻው ላይ ደግሞ፣ ጅምር ሥራ ይዛችሁ ኑ፣ ያለቀ አታምጡ ይላል።

ጎረቤቴ ወረቀቱን አጠፈችና፣ "አስተማሪ የሌለው ትምህርት ቤት፣ ምግብ የሌለው ሠርግ ነው" አለች። ወዲያው ግን ዓይኗ በራ። "ሂጂ እንጂ፣ አንቺዬ። ምን ትጠብቂያለሽ?"

መተዋወቂያው ሊጀመር የቀረው አራት ቀን ነበር።

ስሕተታችን እዚህ ጋ ነው። እኛ አገር ጅምር ለባዳ አይታይም። አንዲት ሴት ስፌቷን ይዛ ተቀምጣ ሳለ እንግዳ ከገባ ነጠላዋን ጣል ታደርግበታለች፤ ዓይን ያርፍበትና ጅምር ሆኖ ይቀራል ይባላል። ታዲያ ያለቀ አታምጡ ያሉት ለትሕትና ነው ብለን ተረጎምነው። ባለ ሠርግ፣ ኧረ ምንም እንዳታመጡ፣ እናንተ ብቻ ኑ ይል የለም? እንዲህ ስላለ ባዶ እጁን የሚሄድ አለ? ጎረቤቴም ይህንኑ ነው ያለችኝ። "ጅምር ታቅፈሽ ሰው ፊት ብትቀርቢ፣ አሳዳጊ የበደላት ይሉሻል። እኔንም ጭምር ያሰድቡኛል።"

የያዝኩት ምላያ ትልቅ ነበር፤ ድንበር ላይ ካለችው ከገላባት እስከ ገዳሪፍ ያለውን መንገድ እኔ በሎሪ እንደመጣሁበት አድርጌ ጀምሬዋለሁ። እሷ ቅመሟን ዘግታ በአንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ጫፍ ተቀመጥን። ከጧት እስከ ማታ ጠልፈን በአራት ቀን ጨረስነው። ነጭ ቦታ አላስቀረንም። በስታርች አደረቅነው፣ በከሰል ካውያ ተኮስነው። እንደ ሙሽራ ልብስ አጥፌ በሪክሻ፣ በባጃጅ ማለት ነው፣ ይዤው ሄድኩ።

መጋዘኑ ገና የሰሊጥ ሽታ ነበረው። አሥራ አራት ያህል ሰው ተሰብስቧል። ያቺ ረጅም ሴት አለች፤ ኡስታዛ ስላት፣ ቃሉ መምህርት ማለት ስለሆነ እንዲህ እንዳልጠራት ለመነችኝ፤ እኛ ግን ኡስታዛ ማለቱን አልተውንም። አንዱ ግማሹን ቀለም የቀባው የእንጨት በር ተሸክሞ መጥቷል። አንዱ ጎልማሳ ሎሪ ጀርባ ላይ የሚጻፉ አባባሎችን የሚሰበስብ ነው፤ ደብተሩ ተቀዳዷል። አንዲት ሸክላ ሠሪ አፉ ያልተበጀ ገንቦ ይዛለች። ኡስታዛ የአሠራሩን ነገር በረጅሙ ስታስረዳ ምንም አልገባኝም ነበር፤ በመጨረሻ፣ ነፊር ማለት ነው፣ ሰው ተጠራርቶ የአንዱን እርሻ እንደሚያርመው፣ ስትል ግን ብድግ አልኩ። ታዲያ ደቦ ነዋ! ደቦማ እናውቃለን አልኩ። ሳቁ፤ እኔም ደስ አለኝ፤ ቤቱ ቤቴ መሰለኝ።

ከዚያ ሁሉም ጅምሩን መሬት ላይ አስቀመጠ። እኔም ምላያዬን ዘረጋሁ። ማሻላህ፣ አለ አንዱ። ማሻላህ፣ አሉ ሌሎቹም። እንዳይረግጡት ዳር ዳሩን ዞሩት። አለቀ፣ ሁሉንም በለጥኩ ብዬ ቤቴ ስገባ ለጎረቤቴ እየዘለልኩ ነገርኳት።

በሁለተኛው ቀን ባለ አባባሉ ጎልማሳ በሩ ላይ መጻፍ ጀመረ። ባለ በሩ አልተቆጣም፤ እንዲያውም ከጽሑፉ ሥር ሎሪ ሣለበት። በሦስተኛው ቀን ደግሞ የወንዝ ውኃ የሚያጠና አንድ ሰው ከሸክላ ሠሪዋ ጋር ጭቃ ያቦካ ነበር። ሰው ሁሉ በሰው ሥራ ውስጥ ገብቶ ይንጫጫል። እኔጋ የሚመጣው ማሻላህ ብሎ ያልፋል። ምላያዬ መሐል ቤት እንደ መስጊድ ምንጣፍ ተከብሮ ተቀምጧል። ለጎረቤቴ ብነግራት፣ ቀንተው ነው አለችኝ። እኔ ግን ቅናት አውቃለሁ፤ የቅናት ፊት አልነበረም። መባረሬ እንደሆነ ገባኝ። ሁለት ቀን ብቻ ቀርቶኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን አንዲት ተማሪ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች። ገዳሪፍ የተወለደች የእኛ ሰው ልጅ ነች፤ አማርኛዋ መሐል ላይ ዐረብኛ ይገባበታል። ለአረምና ለአጨዳ ድንበር ተሻግረው ቁረይሻ በሚባለው ወረዳ እርሻ የሚገቡ ሴቶች እንዴት እንደሚመጡ፣ ከዚያስ ወዴት እንደሚሄዱ ነው የምታጠናው። ምላያውን ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ኻልቲ" አለችኝ፤ አክስቴ ማለቷ ነው። "ካንቺ ጋር መሥራት ፈልጌ ነበር። ግን ወላሂ መግቢያ የለውም። አልቋል።"

"ማለቁ ምን ነውር አለው?"

"ነውርስ የለውም። እኔ ግን ለመጠየቅ ነው የመጣሁት። ይሄ ደግሞ ሁሉንም መልሷል።"

ነገ ከሌላ ባለእጅ ጋር ልነጋገር ነው ብላ ልትነሳ ስትል እጇን ያዝኩ። ሌላ የማውቀው ዘዴ ስለሌለኝ ወሬ ጀመርኩ። ጣቴን ገላባት ላይ አድርጌ መንገዱን መንገር ያዝኩ። እዚህ ጋ ሎሪው ጎማው ፈነዳ፤ እዚህ ጋ ሾፌሩ ዘፈን አወጣ፤ ይቺ የምታስታውከው እኔ ነኝ። ልጅቱ እየሳቀች ተመልሳ ተቀመጠች። መንገዱ መሐል ያለችው ዶካ ስደርስ ጣቴን አንስቼ ዘለልኩና ከወዲያ ማዶ ቀጠልኩ።

"ዶካን ለምን ዘለልሽው?" አለች። ጎንበስ ብላ አየች። "ደግሞ እዚህ ላይ ብቻ ነው አበባ ያለው።"

እውነቷን ነው። ዶካ ላይ አንድ ክንድ ያህል ቦታ ቀይ አበባ ብቻ ነበር። የጠለፈችው ጎረቤቴ ነች። እኔ እዚያ ስደርስ መርፌው አልሄድ ብሎኝ ነበርና፣ ተይ እኔ ልሙላው ብላ ጽጌረዳ ደረደረችበት።

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ያን ጊዜ ነገርኳት። ከእኛ ጋር አንዲት ሴት ነበረች። ሦስት ቀን አንድ ጋቢ ለብሰን አድረናል። ሎሪው ዶካ ሲቆም አንድ ሰው መጥቶ አራሚ እፈልጋለሁ አለ። እሷ ወረደች። ሁለት ሳምንት ሠርቼ እደርስብሻለሁ፣ ቦታ ያዥልኝ አለችኝ። ያዝኩላት። እስከ ዛሬ አልመጣችም። ሄጄም አልፈለግኋት፤ መጀመሪያ ወረቀት ስለሌለኝ ፈርቼ፣ በኋላ ደግሞ አፍሬ።

ልጅቱ ደብተሯን አወጣች፤ ግን አልጻፈችም። "ኻልቲ፣ እኔ የምጠይቀው እሱን ነው" አለች በቀስታ።

መቀስ ስጡኝ አልኩ።

ምላያውን ገለበጥኩት፤ ጥልፍ የሚተረተረው ከጀርባው ነው። ቋጠሮውን ቆርጬ ክሩን ስስብ ቀዩ አበባ እየተፈታ ወጣ። ሰው ሥራውን አቁሞ ከበበኝ። ባለ አባባሉ ጎልማሳ፣ ሴትዮዋ አብዳለች፣ ይህን ሎሪ ላይ ብጽፈው ማን ያምነኛል እያለ ራሱን ያዘ። እኔ ሳቅ አፈነኝ። የአራት ቀን ድካማችን ጭኔ ላይ ተከምሯል፤ እኔ ደግሞ አዝመራ የገባልኝ ያህል ደስ ብሎኛል። አበባው ሲያልቅ የመርፌ ቀዳዳ ብቻ የቀረበት ነጭ ቦታ ታየ።

"ምን ለብሳ ነበር?" አለች ልጅቱ።

ሻሿ አረንጓዴ ነበር? ወይስ የእኔ ነው አረንጓዴው? "አላውቅም" አልኳት።

"በይ እንጀምር" አለች።

በሳምንቱ መጨረሻ ጓደኛሞች ስማቸውን ጎን ለጎን ግድግዳው ላይ በከሰል እንዲጽፉ ተባለ። እሷ በዐረብኛ ጻፈች። እኔ በእኛ ፊደል ጻፍኩ፤ አንደኛው ፊደል እግሩ ረዝሞ የእሷን ስም ነካ። ኡስታዛ ልታጠፋው መስሎኝ ነበር፤ ዞር ብላ ሌሎቹን ጠራች። ለስድስቱ ወር ገባሁ ማለት ነው። ከሐዲዱ እስከ ቤቴ ድረስ በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ሪክሻ ውስጥ ቁጭ ማለት አልቻልኩም።

ጎረቤቴ አበባዋ መተርተሩን ስትሰማ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ቀን፣ የኔን አበባ የሚያህል ከየት ታመጣላችሁ አያ ተመራማሪዎች እያለች የምሳ ቋጠሮ ይዛልን መጣች። መንገድ ልንሄድ ነበርና።

የሄድነው ዶካ ነው። ልጅቱና እኔ ከኋላው ክፍት በሆነ መኪና ላይ፣ ምላያው በመሐላችን። ገበያው ዳር አንዲት ሻይ የምታፈላ ሴት ዳስ ሥር ዘረጋነው። ሴትዮዋን እዚያ ስለወረደችው ጓደኛዬ ጠየቅናት። አታውቃትም። እንደሷ ያሉ ብዙ ናቸው፤ የትኛዋን ልንገርሽ አለችኝ። ደጋግሜ ስጠይቃት ነጩን ቦታ አየችው፤ ከዚያ እሷ ራሷ ከየት እንደወረደች መናገር ጀመረች። ልጅቱ ትጽፋለች። እኔ መርፌውን አውጥቼ የነገረችኝን ልጠልፍ ክር ሳስገባ ሴትዮዋ ከእጄ ወሰደችው።

"ያንቺን አንቺ ሠራሽ" አለች። "የኔን እኔ ነኝ የማውቀው።"

ክሩን አጥብቃ ስለምትስበው ጨርቁ ይኮማተራል። ሰው ነው ያለችው ሰውም ግመልም ሊሆን ይችላል። እጄ ሳላውቀው ልፈታው ሄደ፤ ልጅቱ በእርሳሷ መታ አደረገችኝና ወደ ቦታው መለስኩት። ሌሎች ሁለት ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው ተጠጉ። አንደኛዋ ሌላ መርፌ የላችሁም ወይ አለች። ከሻሼ ጠርዝ ላይ ነቅዬ ሰጠኋትና የሚቀመጡበትን ቦታ ለቀቅሁላቸው።