ጥያቄ የለመደ አንደበት

ወንደል ክራትስ ሳይጠይቁ ሰው የማያሳልፉ ሰው ናቸው። ክፋት ሆኖባቸው አይደለም፤ ሙያው ያስለመዳቸው ጠባይ ነው። በቴክሳሷ ግሩንታል የእሳት አደጋ ጣቢያ ሠላሳ ዓመት ሲያገለግሉ፣ መኪና ተገልብጦበትም ሆነ ከደረጃ ወድቆ ያገኙትን ሁሉ፣ ራሱን አለመሳቱን ለማወቅ፣ ስሙንና የትውልድ ቀኑን አስቀድመው ይጠይቃሉ። ባለቤታቸው ሎሬታ፣ «ሊያጨኝ የመጣ ዕለት እንኳ የትውልድ ቀኔን ሳያጣራ ቀለበቱን ከኪሱ አላወጣም» እያለች ጎረቤት ታስቃለች።

በጣቢያው በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ግን ሌላ ይላል። ልጇን ማሳደግ ያልቻለች እናት ሕፃኑን ለጣቢያው ብታስረክብ ማንነቷ አይጠየቅም። ወንደል ስለዚህ ሕግ በየዓመቱ ትምህርት ወስደው ፈርመዋል፤ ሕፃን ይዞ የመጣ ሰው ግን አንድም ቀን አላጋጠማቸውም ነበር።

አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ የሣር እሳት አጥፍተው ተመልሰው፣ ከአምቡላንስ ባለሙያዋ ከኔሊዳ ኦሮስኮ ጋር ትልቁን መኪና በሳሙና ሲያጥቡ፣ የነዳጅ ማደያ ሠራተኛ ሽርጥ የታጠቀች ወጣት የልብስ ቅርጫት ታቅፋ መጣች። በቅርጫቱ ውስጥ ሕፃን ተኝቷል።

«ልጅ የምትቀበሉት እዚህ ነው?»

«እዚህ ነው፣ ልጄ። ስምሽ ማነው? መቼ ነው የተወለድሽው?»

አንደበታቸው ሕጉን ቀደመው። ወጣቷ ቅርጫቱን ወደ ደረቷ አስጠግታ አፈገፈገች። «ስም አይጠየቅም ብለውኝ ነበር» አለችና ፊቷን ወደ አውራ ጎዳናው አዞረች። ያ ቅርጫት በዚያ ሐሩር ከዚያ በር ከራቀ የት እንደሚያርፍ የሚያውቅ አልነበረም።

ኔሊዳ ልትከተላት ብድግ ስትል ወንደል በእጃቸው አገዷት፤ የሚያሳድዱት ሰው ይሮጣልና። እሳቸው በመኪናው እርጥብ መርገጫ ላይ ቁጭ አሉ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ስሜን ልንገርዎ ብትዪኝም ጆሮዬን እደፍናለሁ። እኔ ወንደል እባላለሁ፤ የካቲት ነው የተወለድኩት፤ በዚህ ከተማ ከኔ የባሰ ነዝናዛ የለም።»

«እውነታቸውን ነው» አለች ኔሊዳ። «ካላመንሽ ሚስታቸውን ልጥራልሽ።»

ወጣቷ ቆመች። ቀስ ብላም ዞረች።

«ፖሊስ ይጠራሉ?»

«አልጠራም። ስድሳ ቀን ያልሞላው፣ ጉዳት የሌለበት ልጅ ከሆነ ሕጉ ካንቺ ጋር ነው።»

«ስድስት ቀኑ ነው። ማን ይወስደዋል?»

«መጀመሪያ ሆስፒታል፤ እኔ ራሴ አብሬው እሄዳለሁ። ከዚያ የሚያሳድጉት ሰዎች ይፈለጉለታል።»

የሄደችውን እርምጃ አንድ በአንድ ተመለሰችበት። «አንገቱን ይደግፉለት» አለች ስታቀብላቸው። «ሲያለቅስ ጀርባውን መታ መታ ያድርጉለት። ሆዱን ሲነኩት አይወድም።»

ወንደል ፊቷ መገርጣቱን አዩ። ደም ፈስሷት ይሆን? አተኩሷት ይሆን? ጥያቄው ጉሮሯቸው ላይ ተሰለፈ። ዋጡትና፣ ለሰማዩ እንደሚያወሩ ቀና ብለው፣ «አራስ ሴት ደም ከበዛባት ወይም ካተኮሳት ሐኪም ማየት አለባት። ኔሊዳ የደም ግፊት መለኪያዋን ይዛ እዚያ ጥላ ሥር ትቀመጣለች» አሉ።

ወጣቷ ጥቂት አመንትታ ወደ ጥላው ሄደች። ግፊቷ ደህና ነበር። ከፈለገች ስሟን ሳትጽፍ የጤና ታሪኳን ሞልታ የምትልክበትን ፖስታ ተቀብላ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችና ሄደች። በየት በኩል እንደሄደች ወንደል ቀና ብለው አላዩም።

በሆስፒታል ነርሷ ብዕሯን አነሣች። «የእናት ስም?»

«አልጠየቅኩም።»

«እርስዎ? አልጠየቁም?» ነርሷ መነጽሯን አወለቀች፤ ካወቀቻቸው ሃያ ዓመት ሆኗታል።

«አልጠየቅኩም አልኩ እኮ! ይልቅ ሆዱን ሲነኩት አይወድም፤ እሱን ጻፊ» አሉ፣ ሹመት እንደተሰጠው ሰው ደረታቸውን ነፍተው።

በዚያ ጣቢያ ልማድ፣ በአገልግሎቱ ዘመን አዲስ ነገር የገጠመው ሁሉ ለባልደረቦቹ አይስክሬም ይጋብዛል። ወንደል አዲስ የሚባል ነገር ከገጠማቸው ብዙ ዘመን ሆኗቸው ነበር። ሲመለሱ ግን ፈረቃው በሙሉ ማንኪያ ይዞ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«አለቃ፣ በሽምግልና የመጀመሪያ ልጅ!» አለች ኔሊዳ። «እንኳን ማርያም ማረችዎ!»

ሳይከራከሩ ሄደው የለውዝ አይስክሬም በባልዲ አመጡ፤ ባልዲው ባዶ እስኪሆን በሉ። መኪናው ሳይለቀለቅ የሳሙናው አረፋ ደርቆበት ዋለ።