አሟርቼ ያመጣሁት ስኳር

«ስኳር በሽታ አለብኝ» ብዬ ሰፈሩን ካሳመንኩ አሥር ዓመት አልፎኛል። አልነበረብኝም። የነበረብኝ ኤችአይቪ ነው። አንድ ጠዋት ኪኒኔን ስውጥ ጎረቤቴ እማማ ድንገት ገብተው አዩኝ፤ እሳቸው የስኳር ሕመምተኛ ናቸውና አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ሆነ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ቤት ሻይ የምጠጣው ያለ ስኳር ነው። ቤቴ ገብቼ በሬን ስዘጋ ግን ሦስት ማንኪያ እጨምር ነበር።

አምና መክሳት ጀመርኩ። የምሠራው እንጦጦ ፓርክ ነው፤ አበባ እኮተኩታለሁ። ዳገቱን ሳልጨርስ የያዝኩትን ውሃ እጨርሳለሁ፤ ከዚያ ደግሞ በየባሕር ዛፉ ሥር ለሽንት መሮጥ ነው። ቀሚሴ ሁሉ ሰፋኝ። መድኃኒት ሳልጀምር በፊትም እንዲህ ከስቼ ነበር። መድኃኒቱ ከዳኝ፣ በቃ አለቀልኝ ብዬ ፈራሁ፤ ልጄ ገና ስምንተኛ ክፍል ናት።

ጤና ጣቢያ ደም ሰጥቼ ውጤቴን ልሰማ ሐኪሟ ዘንድ ገባሁ።

«ቫይረሱ በምርመራ አይታይም፤ መድኃኒትሽ በደንብ እየሠራ ነው» አለች ሐኪሟ። «ያከሳሽ ስኳር ነው።»

ሳቄ አመለጠኝ። ሐኪሟ ደነገጠች፤ ስኳር አለብሽ ተብሎ የሚስቅ ሰው የት ታውቃለች? ቆሽቴ የሚያመነጨው ኢንሱሊን እንዳነሰ፣ ሰውነቴም ያለውን በቅጡ እንደማይጠቀምበት አስረዳችኝ። ቫይረሱም፣ መጀመሪያ ላይ የወሰድኳቸው የድሮ መድኃኒቶችም እጃቸው ሊኖርበት ይችላል አለች።

«ታዲያ በዚህ ተናደሽ መድኃኒቱን እንዳታቋርጪ!»

ያኖረኝን መድኃኒት? አብጃለሁ እንዴ!

ከሰዓት በኋላ እማማ ዘንድ ሄድኩ። ሻይ ሲቀዱልኝ አላስቻለኝም።

«እማማ፣ ዛሬ ተመርምሬ ስኳር አለብሽ አሉኝ።»

«ዛሬ?» አሉና ቀና ብለው አዩኝ። አልገረማቸውም። «እኔማ ድሮም አልመሰለኝም። ስኳር ያለበት ሰው ወሬው ሁሉ ስኳሬ ስንት ገባ ነው፤ አንቺ አንድ ቀን ቁጥር ጠርተሽ አታውቂም።»

«ታዲያ አሥር ዓመት ሙሉ መራራ ሻይ ሲያጠጡኝ!»

«አንቺው አይደለሽ የጠየቅሽው?»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያኛውስ እንዴት ነው?» አሉኝ።

እንባዬ መጣ። «ደህና ነው፣ እማማ። መድኃኒቱ ይዞታል።»

«ተመስገን! እንግዲህ ስኳሩን ለእኔ ተይው፤ አያያዙን አሳይሻለሁ» አሉና ብርጭቆውን አቀበሉኝ።