ጄሪካኖቹ የተሰለፉበት ግቢ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አምደወርቅ

ዛሬ ከቤት የወጣሁት ወንድሜ እንዳይማታ ልለምነው ነው። ምስጋናው ሰቆጣ አካባቢ ባለ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ማረሚያ ቤት ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ባለፈው ወር ውሃ ሲቀዱ ደስታው የሚባል የአገራችን ልጅ ቅንድቡን በጄሪካን ፈነከተው። የምስጋናው የአመክሮ ጉዳይ አሁን እየታየ ነው፤ እጁን ካነሣ መፈታቱ ይቀራል። እናቴ በሶ ቋጥራ «አደራ፣ እንዳይመልስ ንገረው» ብላ ላከችኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ የቀረችው አንዲት ቦታ ከእማ ውብዓለም አጠገብ ነበረች። የደስታው እናት ናቸው። የጠያቂ ቀን ስለሆነ አብዛኛው ተሳፋሪ ወደዚያው ይሄዳል፤ ማን ማንን እንደሚጠይቅም ሁሉም ያውቃል።

«ተቀመጥ እንጂ፤ እኔ በጄሪካን አልማታም» አሉኝ።

ከኋላ ያሉት ሳቁ። ተቀመጥሁ።

ገብሱ ለአጨዳ ደርሷል። ጠጠሩን መንገድ ቁልቁል ስንወርድ አቧራው በተሰነጠቀው መስኮት ገብቶ ሁላችንንም አንድ መልክ አደረገን። ታሪፉ በሃያ ብር ጨምሯል፤ ሾፌሩ ምክንያቱን ሲጠየቅ «ነዳጅ» ብሎ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ ያደርጋል። ወንዙን እንደተሻገርን እማ ውብዓለም ድንገት ተናገሩ።

«ልጄ ክፉ አይደለም። ቤት ሳለ ለአቅመ ደካማ ሁሉ ውሃ ይቀዳ ነበር።»

«ወንድሜም ክፉ አይደለም፣ እማ።»

«እኮ። ሁለቱም ክፉ ካልሆኑ ምን አፈነካከታቸው?»

ግጥም እጽፋለሁና፣ ዳገቱን እስክንጨርስ ለወንድሜ የምነግረውን የምክር ቃል ሳማርጥ ቆየሁ።

አራት ሰዓት፣ ከበሩ

ጠያቂ ያመጣውን ምግብ ራሱ መቅመስ አለበት። ፈታሹ የበሶውን ቋጠሮ አስፈታኝ። ደረቁን ዱቄት ቃምሁና አነቀኝ።

«ቀስ በል፤ የወንድምህን ድርሻ ጨረስኸው» አለኝ።

ምስጋናው ከሽቦው ማዶ ቆሞ ጠበቀኝ። ቁስሉ ጠባሳ ሆኗል። ምክሬን ጀመርሁ፤ ገና ከሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ሳልወጣ አቋረጠኝ።

«ተወው። ይልቅ ያንን እይ።»

ከጀርባው ቧንቧ አለ። ፊት ለፊቱ ቢጫ ጄሪካኖች እንደ ተማሪ ተሰልፈዋል። ሰዎቹ ራቅ ብለው ከግድግዳው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ የሚያወራ አለ፣ ገበጣ የሚጫወት አለ።

«በፊት እኛ ነበርን የምንሰለፈው» አለ። «ውሃው ለሁሉም ክፍል በአንድ ጊዜ ይከፈት ነበር። መቼ እንደሚዘጋ ግን አይታወቅም። ከኋላ ይገፉሃል፣ አንተ የፊተኛውን ትገፋለህ። ደስታው ተገፍቶ ነው የመጣብኝ፤ እኔም በክርኔ ደቁሼው ነበር።»

«ማን ለወጠው ታዲያ?»

«የጥበቃ ኃላፊው ሰበሰበንና፣ ምንጭ ሲቀንስ በየአገራችሁ እንዴት ትቀዳላችሁ አለን። አንድ የዝቋላ ሰው ተነሥቶ፣ በእኛ ዘንድ ዕቃ ይሰለፋል እንጂ ሰው አይሰለፍም አለ። የእኛስ አገር ያው አይደል? ሁላችንም እያወቅነው፣ ከዚህ በር ስንገባ ረሳነው።»

የጥበቃ ኃላፊው በአጠገቤ ሲያልፉ ጠየቅኋቸው። «እንዲህ ቀላል ከሆነ ቀድሞ ለምን አልተደረገም?»

«ቀድሞማ ጠበኛውን እንቀጣ ነበር። ቀጥተን ስንመልሰው ያው ግፊያ ይጠብቀዋል» አሉ። አሁን ውሃው ለየክፍሉ በተራ ይከፈታል፤ ሰዓቱም በየበሩ ተለጥፏል። ማማ ላይ ይቆም የነበረው ጠባቂ ወርዶ ከቧንቧው አጠገብ ተቀምጧል፤ እስረኞቹን በስማቸው ይጠራል።

«ጠብ ቀረ ማለት ነው?»

«አልቀረም። በቀደም በብርድ ልብስ የተያያዙ አሉ። በውሃ ግን የተነካካ የለም።»

በዚህ መሐል ጠባቂው «ምስጋናው!» ብሎ ተጣራ። ተራው ደርሷል፤ እሱ ግን ከእኔ ጋር ነው። ከጥላው አንድ ረጅም ሰው ተነሣ። ልጃቸው እስኪጠራላቸው ይጠብቁ የነበሩት እማ ውብዓለም አጠገቤ ሽቦውን ጨበጡ። ደስታው ነበር።

የወንድሜን ጄሪካን ከቧንቧው ሥር አስጠጋ። እስኪሞላ ቆሞ ጠበቀ። በበቆሎ ቆረቆንዳ ወተፈውና ወደ ዳር አወጣው።

«ምስጌ፣ ሞልቷል» አለ። «ደግሞ ብቻህን እንዳትጠጣው፣ በሶ መጥቷል።»

«የቅንድቤን ካሳ ሳትከፍል?» አለ ምስጋናው።

ሁለቱም ሳቁ። እማ ውብዓለም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቤት

እናቴን ደጅ ቆማ አገኘኋት።

«ነገርኸው?»

«አላስጨረሰኝም። ግን አይመልስም።» ያየሁትን ሁሉ አወራኋት። የአመክሮው ጉዳይ ለመጪው ወር እንደተቀጠረ፣ በስሙ አዲስ ጥፋት እንዳልተጻፈም ነገርኋት።

ሰው መምከር እወዳለሁ፤ ቃል ጠብ የሚያበርድ ይመስለኝ ነበር። ከእንግዲህ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ካየሁ፣ ስለ ጠባያቸው ከመናገሬ በፊት የቆሙበትን ቦታ፣ ምን እየጠበቁ እንደሆነና ከኋላ ማን እንደሚገፋቸው አያለሁ።

«ደስታው ራሱ ቀዳለት?» አለች እናቴ ደግማ።

«ራሱ።»

ነጠላዋን ደረበችና ካለፈው ወር ጀምሮ ደጃቸውን ወዳልረገጠችው ወደ እማ ውብዓለም ቤት ሄደች።