ዴስ ሃሎራን በይቅርታ ቀርቷል

ኔሪዳ ሃሎራን ውሸት አይሆንላትም። ስጦታ ሰጥተዋት ካልወደደችው ፊቷ ያሳብቅባታል፤ የጎረቤት ኬክ ከደረቀ ደርቋል ትላለች። ሰባ አራት ዓመት እንዲህ ኖራ አንድ ውሸት ብቻ ዋሸች። እሱንም በጽሑፍ አደረገችው፤ ቀን ጻፈችበት፣ ፈረመችበት፣ በየወሩም ደገመችው። እንዲህ ያለ ጀማሪ ውሸታም ካልተያዘ ማን ይያዛል?

በታሪንጋል ከተማ፣ ወደብ መንገድ ላይ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የእንጨት አዳራሽ አለ። አዳራሹ የማዘጋጃ ቤቱ ነው። ቁልፉ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የኖረው ኔሪዳ ኩሽና ውስጥ፣ ከማቀዝቀዣው አጠገብ ባለው ምስማር ላይ ነው። እሷ የወደብ መንገድ ጎረቤቶች ማኅበር ጸሐፊ ናት፤ ማኅበሩ ደግሞ ረቡዕ ረቡዕ ብቻቸውን ለሚኖሩ ሰዎች ምሳ ያበላል። ያው የበግ ጥብስ፣ ያው ዱባና ድንች፣ መጨረሻ ላይ ያው ኮኮናት የተነሰነሰበት ላሚንግተን የሚባል ኬክ። ደመወዝ የሚበላ አንድም ሰው የለም። አርባ ሰው ይመጣል፤ ግማሾቹ ከረቡዕ እስከ ረቡዕ ሌላ ሰው አያነጋግሩም። ኔሪዳ ይህን የምታውቀው በሩ ከመከፈቱ አንድ ሰዓት ቀድመው በረንዳው ላይ ስለሚደረደሩ ነው።

ባሏ ዴስ የማኅበሩ ምክትል ሊቀመንበር ነበር። «ጣሪያውን ማዘጋጃ ቤቱ ይጠግን፤ ከጣሪያው ሥር ያለውን እኛ እናውቅበታለን» ይል ነበር። ለሹመቱ የበቃው ታዲያ በችሎታው አይደለም። በዚያ ማኅበር ሥልጣን የሚፈልግ ሰው ስለሌለ፣ ምርጫ ሲደርስ ከክፍሉ የወጣ ሰው ይመረጣል። ክሌም ራድፎርድ መኪናውን ሊያንቀሳቅስ ወጥቶ ሲመለስ ሊቀመንበር ተደርጎ ነበር። ዴስም የሻይ ውሃ ሊጥድ ሄዶ ነው የተሾመው። ይህ ነገር ያልደረሰባት አንዲት ሴት ብቻ ናት፦ ኡርሱላ። ሰማንያ ዓመቷ ነው፣ ምላሷ ይቆርጣል፣ የምትሠራው ሹራብ ከእጇ አይለይም። የምርጫ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሻይ በአፏ አይዞርም፣ ሽንት ቤት እንዳያስሄዳት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ ወንበር ንቅንቅ ብላ አታውቅም።

ዴስ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጓሮ ልብስ ሲያሰጣ በዚያው ወደቀ፤ አልተነሳም። በተቀበረ በዘጠነኛው ቀን የማኅበሩ ስብሰባ ነበር። ኔሪዳ ሄደች፤ ቤት ቁጭ ብላ ምን ልታደርግ?

ስብሰባው ሁሌም የሚጀምረው በአንድ ጥያቄ ነው። መምጣት ያልቻለ ሰው አስቀድሞ ይቅርታ ይልካል፣ ስሙ ይነበባል፣ ጉባኤው ያጸድቅለታል። ክሌምም እንደ ልማዱ «በይቅርታ የቀረ አለ?» አለ። ኔሪዳ ቀና ስትል ወንበሩ ባዶ ነው። እጇ ለዓመታት እንደለመደው ባዶውን ወንበር በስሙ መዘገበ፤ አፏም እጇን ተከትሎ አነበበ።

«ዴስ ሃሎራን።»

ክሌም አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ያኔ ኡርሱላ ዓይኗን ከሹራቧ ሳትነቅል፣ «ይቅርታው ይጽደቅ ብዬ አቀርባለሁ» አለች። አንዱ ደገፈ። ጸደቀ። ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ።

በሚቀጥለው ወር ኔሪዳ ልትተወው ወስና ነበር። ጥያቄው ሲመጣ ግን ስሙን እንደገና አነበበች። በኋላማ ነገሩ ደንብ አገኘ። ዴስ በገዛ እጁ ያረቀቀው መተዳደሪያ ደንብ፣ ያለ ይቅርታ ሦስት ስብሰባ የቀረ የኮሚቴ አባል ወንበሩን ያጣል ይላል። ዴስ ግን በየወሩ ይቅርታ ይጠይቅ የለ? ወንበሩን የሚነካበት አልተገኘም። አርባ አራት ወር እንዲህ ሄደ። ከኮሚቴው አንድም ሰው አንድም ቀን ትንፍሽ አላለም።

ከዚያ የማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ማዘጋጃ ቤት ሲወድህም ሲጠላህም የሚልክልህ ያው ቅጽ ነው፤ ኔሪዳ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሁለት ጊዜ አነበበችው። የአዳራሹ ውል ሊያልቅ ነው። የከተማውን ሕንፃ የያዘ ማኅበር ሁሉ ቃለ ጉባኤውን ያስመረምራል፤ ሊቀመንበሩና ምክትሉ ማመልከቻው ላይ ይፈርማሉ። ይህን ያላሟላ ማኅበር አዳራሹን ይለቃል፤ አዳራሹም በሰዓት ለሚያከራየው የማዘጋጃ ቤቱ መምሪያ ይተላለፋል። ረቡዕን ከወዲሁ የጠየቀ አንድ የስፖርት ድርጅት እንዳለም ተጽፏል። ከታች ለሊቀመንበሩና ለምክትሉ ፊርማ ሁለት መስመር ተሰምሯል። ኔሪዳ ሁለተኛውን መስመር ስታየው ክው አለች።

መርማሪዋ ላቪኒያ ሞአላ ትባላለች፤ ቶንጋ ተወልዳ እዚህ ያደገች፣ የማዘጋጃ ቤቱ የማኅበራት ጉዳይ ሠራተኛ። ኔሪዳ ልትጠላት ተዘጋጅታ ነበር፤ አልሆነላትም። ልጅቷ ምሳ ሰዓት መጣች፣ እጅጌዋን ሰብስባ የአርባ ሰው ሳህን አጠበች፣ በረንዳ ላይ ካሉት ሽማግሌዎች ጋር ስትስቅ ቆየች። ከዚያ ጥቁር ሽፋን ያላቸውን የቃለ ጉባኤ ደብተሮች ተሸክማ ሄደች። በሳምንቱ ረቡዕ ተመለሰችና አዳራሹ ኩሽና ውስጥ ከኔሪዳ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ወይዘሮ ኔሪዳ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ወይዘሮውን ተይው። አንቱታውንም ተይው፣ አስረጀሽኝ እኮ።»

«እናቴ ብትሰማኝ ጥፊዋ ከቶንጋ ድረስ ይደርሰኛል።» ልጅቷ ፈገግ ብላ ደብተሩን ገለጠች። «ምክትሉ፣ አቶ ዴስሞንድ፣ አርባ አራት ስብሰባ ቀርተዋል። ታመው ነው?»

«አይ… አሁንስ አይታመምም።»

«እሰይ! ተሻላቸው ማለት ነው። እንግዲያው ለፊርማው—»

«ሞቷል።»

ላቪኒያ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች። «መቼ?»

«ከአርባ አራቱ በፊት።»

«ግን እኮ… ይሄን ጉባኤው በየወሩ አጽድቆታል።»

«በሙሉ ድምፅ» አለች ኔሪዳ፤ ኩራት ቢጤም ሳያመልጣት አልቀረም።

ልጅቷ ደብተሩን ቀስ ብላ ዘጋች። ኔሪዳ እጇን ደብተሩ ላይ ጫነች። «አላየሁም በይ። ማንን ጎዳ? አንድ መስመር ናት እኮ።»

«አልችልም። መዝገቡ ውስጥ ያለውን ካልጻፍኩ እኔም ከሥራዬ ውጪ ነኝ፣ እናንተም ከአዳራሹ ውጪ ናችሁ። ግን ይስሙኝ። በሚቀጥለው ረቡዕ ከምሳ በኋላ ስብሰባ ይጥሩ። ጉባኤው ራሱ ካረመው፣ ስህተት ተገኘ፣ ታረመ ብዬ እጽፋለሁ፤ እሱ ያስኬዳል። አዲስ ምክትል መርጣችሁ ይፈርማል። ሐሙስ ጠዋት ፋይሉን አስገባለሁ። ከዚያ ወዲያ በእጄ የለም።»

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ሞቶብሽ የሚያውቅ አልመሰለኝም።»

«አባቴን ቀብሬያለሁ» አለች ላቪኒያ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «እናቴ እስከ ዛሬ ሳህኑን ታቀርባለች። ሳህኑን ግን ማንም አይመረምረውም። ይሄ መዝገብ ነው።»

ኔሪዳ ያን ሳምንት እንቅልፍም ምግብም እምቢ አላት። አዳራሹን ይውሰዱት ብላ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ሁለት ቀን ሙሉ ወስናም ነበር። ምሳውን ሌላ ቦታ እናበላለን አለች ለራሷ። የት? አርባ ሰው የሚያስቀምጥ ቤት ማን አለው? በሦስተኛው ቀን ለክሌም ስልክ ደውላ ስብሰባ ጠራች። ክሌም ለምን ብሎ አልጠየቃትም፤ ለካ ለእሱም ደብዳቤው ደርሶት፣ ሁለተኛውን መስመር አይቶ፣ እንዴት እንደሚነግራት ጠፍቶት ከርሟል።

ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስድስቱ የኮሚቴ አባላት ተቀመጡ። ሰባተኛው ወንበር እንደ ወትሮው ባዶውን አለ። ላቪኒያ ከበስተኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ወረቀቷን ጭኗ ላይ ይዛለች። ኡርሱላ ሹራቧን አወጣች። የምርጫ ቀን ስለሆነ ሻይ አልቀመሰችም።

«በይቅርታ የቀረ አለ?» አለ ክሌም። አንገቱ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

ኔሪዳ ወንበሩን አላየችውም። «የለም» አለች።

ክሌም ከወረቀቱ አነበበ። «ምክትል ሊቀመንበራችን ዴስሞንድ ሃሎራን በሞት ስለተለየን፣ ስሙ ከኮሚቴው ዝርዝር እንዲሰረዝ፣ ያለፉትም አርባ አራት ቃለ ጉባኤዎች እንዲታረሙ ሐሳብ አቀርባለሁ።» ቀና አለ። «ደጋፊ አለ?»

ማንም የለም። አንዱ ጫማውን ያያል፣ አንዷ መነጽሯን ትወለውላለች፣ የኡርሱላ መርፌዎች ቆመዋል። ዴስን ያልወደደ ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። በኔሪዳ ፊት እጁን አንሥቶ አዎ ይሰረዝ ብሎ ቤቱ የሚገባ ሰውም አልነበረም።

«ደጋፊ አለ?» ክሌም ደገመ። «እንግዲህ… ደጋፊ ያጣ ሐሳብ ይወድቃል። ደንቡ ነው።»

ላቪኒያ ከበስተኋላ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሰዎቹ እኮ ለኔሪዳ አዝነው ነው፤ በሐዘኔታቸው አዳራሹን ሊያስነጥቁ ነበር። ኔሪዳ በመስኮቱ ወደ በረንዳው ተመለከተች። ምሳቸውን ከበሉ ሁለት ሰዓት ሆኗቸዋል፤ አራት ባርኔጣዎች ገና ተደርድረው ይታያሉ። ወዴት ይሂዱ?

እጇን አነሳች። «እኔ እደግፋለሁ።»

«ኔሪዳ፣ የግድ አንቺ መሆን—»

«ዴስ ሞቷል፣ ክሌም።» ለላቪኒያ በንዴት አምልጧት ነበር፤ እሱን ለሚወዱት ሰዎች ስትናገረው ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «ሞቷል። ደግፌያለሁ። ድምፅ አሰጥ።»

ስድስት እጅ ወጣ። ኔሪዳ ጸሐፊ ናትና ጻፈች፦ አቅራቢ ክሌም ራድፎርድ፤ ደጋፊ ኔሪዳ ሃሎራን፤ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ፊደሏ እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ ነበር።

«አመሰግናለሁ» አለች ላቪኒያ። «አሁን የቀረኝ የምክትሉ ፊርማ ብቻ ነው።»

«ምርጫ» አለ ክሌም፤ ሰዉም ሁሉ ወንበሩን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

«እኔ ውሃ ልጣድ» አለች ኔሪዳ። ጸሐፊ ሁለተኛ ሹመት ስለማይሰጣት አትፈራም። እስክትነሳ ድረስ ችላው ነበር። ኩሽና ገብታ ማንቆርቆሪያውን ሞላች፣ ጣደችው፤ ከዚያ የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ አለቀሰች። ሦስት ዓመት ከስምንት ወር ያላለቀሰችውን፣ ትከሻዋ እስኪርገፈገፍ።

ከኋላዋ የእንጨቱ ወለል ሲንቋቋ ሰማች። ዞር ስትል ኡርሱላ በሩ ላይ ቆማለች፤ የሹራቡ ክር ከአዳራሹ ጀምሮ እየተጎተተ ተከትሏታል።

ኔሪዳ በእንባዋ መሃል ደነገጠች። «ኡርሱላ! አብደሻል እንዴ? ምርጫ ላይ ናቸው እኮ! ሂጂ ተመለሽ፣ ቶሎ!»

«አውቃለሁ» አለች ኡርሱላ። ሹራቧን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ መጣችና አቀፈቻት። ሴትየዋ በዕድሜዋ ሰው ስታቅፍ ታይታ ስለማታውቅ አስተቃቀፏ ደረቅ ነው፤ ግን አጥብቃ ያዘቻት።

ከአዳራሹ የክሌም ድምፅ ተሰማ። «ኡርሱላ የት ሄደች?»

ከዚያ አንዱ ሳቀ፣ ሌላውም ተከተለ፣ ወንበሮች ተንኳኩ። «ድጋፍ!» ሲባባሉ ተሰማ፣ አራት ሰው በአንድ አፍ።

«አለቀልኝ» አለች ኡርሱላ። ማንቆርቆሪያው ማፏጨት ጀምሯል፤ ኔሪዳን ግን አለቀቀቻትም።