ጎረቤት የሄደው ጎመን

ጁባ የምሠራው በአንድ የግንባታ ድርጅት ውስጥ ነው። ሥራዬ የመንገድ ዳር የውሃ መውረጃ ቦይ መንደፍ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ባለቤቴ ያን ቀን ለምን እንባዋ እስኪወርድ እንደሳቀች እንዲገባችሁ ብዬ ነው።

ሃይ ማላካል በሚባለው ሰፈር የተከራየነው ግቢ አንድ የማንጎ ዛፍና ብዙ ባዶ መሬት አለው። ገበያ ላይ የሚገኘው ጎመን ከድንበር ማዶ በጭነት መኪና ሲንገላታ ስለሚመጣ፣ እኛ ጋ ሲደርስ ጠውልጎ አንገቱን ደፍቶ ነው። ባለቤቴ ስትገዛው "ይሄ መቀቀል ሳይሆን መታከም ነው የሚያስፈልገው" ትላለች። ታዲያ እህቴ ከአዲስ አበባ በሰው እጅ የሐበሻ ጎመን ዘር ስትልክልኝ፣ ከእንግዲህ ጎመናችንን ራሳችን እንደምናበቅል አወጅኩ።

"ጀመረህ ደግሞ" አለች ባለቤቴ።

ዝናቡ እስኪጀምር በስልኬ የጓሮ አትክልት ቪዲዮ ሳይ ከረምኩ። የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ መጣል ቀረ፤ ከማንጎው ሥር ጉድጓድ ቆፍሬ ብስባሽ ማዘጋጀት ጀመርኩ። አትክልት የታጠበበትን ውሃ በጀሪካን አጠራቅም ጀመር። ባለቤቴ በቤተ ክርስቲያን የሴቶች ኅብረት ላይ "የሰላጣ እጣቢ የሚያጠራቅም ባል አለኝ፤ ጸልዩልኝ" ብላ የጸሎት ርዕስ አቀረበች። እህቶችም የምራቸውን ጸለዩ።

ደመና መቋጠር ሲጀምር የጎመኑን መደብ ሠራሁ። እንደማንም ሰው በአይን ገምቼ አልሠራሁትም። ከሥራ ቦታ ውሃ ልክ አምጥቼ፣ ሲባጎ ወጥሬ፣ ውሃ እንዳይተኛበት ወደ ቆርቆሮው አጥር በደንብ አዘቅዝቄ ነው ያበጀሁት። ብስባሹን ደልድዬ ዘሩን በተንኩና ሥራ ሄድኩ።

ዝናቡ ዘሩ ሳይበቅል መጣ። ጁባ ላይ የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ሰማዩን የያዘው ሰው እንደለቀቀው ነው። ጫማዬን በእጄ ይዤ ውሃ ለውሃ ቤት ስደርስ መደቤ የለም። ዘሩ፣ ብስባሹ፣ ሲባጎው ሳይቀር በቆርቆሮው ሥር ሾልኮ ሄዷል። የቀረው መሬት ተጠርጎ የታጠበ ወለል ይመስላል።

ባለቤቴ በረንዳው ላይ ቆማለች። "ቦዩ አንደኛ ነው" አለችኝ። "አንዲት ጠብታ አልተኛችም!" ከዚያ በኋላ መናገር አልቻለችም፤ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች።

አኮረፍኩ። ከዚያ ወዲያ በቤታችን የአትክልት ነገር አይነሳም ነበር።

ከሳምንታት በኋላ አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት ጎረቤታችን ክዳን ያለው ሳህን ይዘው መጡ። ፍየል የሚያረቡ፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ናቸው። እኛም እንደ ሰፈሩ ሰው "ማማ" እንላቸዋለን።

"ረቡና አዲስ ኩድራ ሰጠኝ" አሉ በጁባ ዓረብኛ፤ ጌታ አዲስ ቅጠል ሰጠኝ ማለታቸው ነው። "ፍየሎቼ በረት አጠገብ ማንም ሳይዘራው በቀለ። ፍየሎቹ እንዳይበሉት በእሾህ አጠርኩለት። ቅመሱት።"

ክዳኑን አነሳሁ። በለውዝ ቅቤ የተሠራ ነው። አንዴ ጎረስኩና ደርቄ ቀረሁ።

"ይሄ የኔ ጎመን ነው!" አልኩ በአማርኛ።

"ምን አለ?" አሉ ማማ።

"በጣም ጣፈጠኝ ነው የሚለው" አለች ባለቤቴ በክርኗ እየጎሸመችኝ።

እውነት ነው፣ ጣፍጦኛል። ነገሩ ግን አላስቀምጥ አለኝ። በማግስቱ አጥሩን ዞሬ ሄድኩ። ጎመኑ የፍየል በጠጥ ጠግቦ፣ ያለ ሲባጎና ያለ ውሃ ልክ፣ ቅጠሉ የዝሆን ጆሮ አክሎ ቆሟል። ዘሩ ከእኔ ግቢ በጎርፍ እንደመጣ፣ መደቡንም ወደዚህ ያዘቀዘቅኩት እኔ እንደሆንኩ አስረድቼ ነገርኳቸው።

ማማ አጥሩን አዩ፣ መሬቱን አዩ፣ መልሰው እኔን አዩ።

"እንግዲያው" አሉ፣ "ያን ቀን ማድ ቤቴ ገብቶ ዱቄቴን ያበላሸው ውሃ ያንተ ነው?"

ጎመን ልጠይቅ ሄጄ የጎርፍ ባለቤት ሆኜ ተገኘሁ። ምን ይባላል? ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ አካፋ ይዤ በማማ ግቢ ቦይ ስቆፍር ዋልኩ። ባለቤቴ ወንበር አስወጥታ ከማማ ጋር ለውዝ እየፈለፈለች "በዚያ በኩል ጠለቅ አድርገው" ትለኛለች። አንዷ ፍየል የሸሚዜን ጫፍ ስታኝክ ማንም አላስጣለኝም።

ማታ ላይ ማማ ተበልቶ የማያልቅ እቅፍ ጎመን ሰጡኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤታችን ልጣጭ ወደ ፍየሎቹ ይሄዳል፤ በጠጡ ወደ እኛ ይመጣል። ሁለተኛውን መደብ ዙሪያውን በድንጋይ ከልዬ፣ ሜዳ አድርጌ ሠራሁት፤ አሁን ከራሳችን ግቢ ቀጥፈን እንበላለን። አሠራሩ ግን የማማ ነው፤ ባለቤቴ ጎመን ያለ ለውዝ ቅቤ መሥራት ትታለች።

ማማ ይቅር ብለውኛል፤ አምነውኛል ማለት ግን አይደለም። ሰማዩ ጠቆር ባለ ቁጥር ከቆርቆሮው ማዶ "ያ ሙሃንዲስ! ማታራ ጊ ጃ!" እያሉ ይጣራሉ፤ መሐንዲሱ፣ ዝናብ እየመጣ ነው ማለታቸው ነው። እኔም ያለሁበትን ትቼ አካፋዬን ፍለጋ እሮጣለሁ።