የኮርሳው ኮቴ

ባለፈው ሰሞን የግቢዬ ተከራይ መምህርት ቤዛ ስልኳን ይዛ ወደ በረንዳዬ መጣች። ቤዛ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ከወረታ ወጣ ብሎ፣ ወደ ሐይቁ በኩል ባለ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ጧት ጧት ባጃጅ ስትጠብቅ ይረፍድባታል፤ ባጃጁም ቢሆን እስከ መገንጠያው እንጂ ከዚያ ወዲያ አይወስዳትም።

«አባባ፣ ብስክሌት ልገዛ ነው፤ ግን የቱን እንደምገዛ ግራ ገብቶኛል» አለችኝ። «አስፋልት ላይ የሚፈጥነው ጠጠር አይችልም፣ ጠጠር የሚችለው አስፋልት ላይ ይጎተታል። ሁለቱንም የሚችል አሁን ተሠርቷል ይላል፤ ይኸው ይመልከቱት።»

መነጽሬን አድርጌ አየሁት። መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተቆለመመ፣ አካሉ ቀጭን፣ ጎማው ግን ወፈር ያለ ብስክሌት ነው። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

«ልጄ፣ ሰዎቹ ዘግይተዋል። ይህን ብስክሌት እዚሁ ወረታ ላይ የሠራሁት እኔ ነኝ። ያኔ እናትሽም አልተወለደች።»

ጉረኛ ነው የሚሉኝ አሉ። እውነቱን የሚናገር ሰው ጉረኛ ከተባለ ምን ላድርግ? እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት የወረታ ሱቆች ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ነው። ጨው ግዛ ተብዬ ስላክ፣ ባለሱቁ እስኪጮህብኝ ድረስ ቆሜ አነብ ነበር። አንዳንዱ ጋዜጣ ተገልብጦ የተለጠፈ ስለሆነ እስከ ዛሬ ድረስ ጽሑፍ ተዘቅዝቆም አነባለሁ። ይህን የትኛው ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል?

ሥራ ያስገኘልኝም ይኸው ነው። የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ሳለሁ የከብት ሐኪሙ ጌታሁን መድኃኒት የሚያመላልስለትና የከብት ባለቤቶችን ስም የሚጽፍለት ሰው ይፈልጋል ሲባል ሰምቼ ሄድሁ። ጠረጴዛው ላይ ጠርሙስ ነበረ። ጽሑፉ ወደ እሱ ዞሮ ሳለ እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ቆሜ እንደተዘቀዘቀ አነበብሁለት። ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ።

«ጎበዝ ነህ። ግን ስማ፣ ክትባቱ በበረዶ ሣጥን ነው የሚሄደው። በረዶው ከቀለጠ መድኃኒቱ ውሃ ነው። ጠርሙሱ ከተሰበረም ያው ነው። የሚፈጥን፣ ደግሞም የማያንገጫግጭ ብስክሌት ይዘህ ሰኞ ጧት ከመጣህ ሥራው ያንተ ነው። ካልመጣህ በቅሎ አለኝ የሚል አንድ የአንበሳሜ ልጅ ደጅ እየጠና ነው።»

ቤታችን ሜዳው መካከል ነበር። ከወረታ በጎንደሩ መንገድ ትሄድና ወደ ግራ ትገነጠላለህ። ዋናው መንገድ ያን ጊዜ የተደመደመ ጠጠር ነው። ከመገንጠያው ወዲያ ግን ጥቁር ዋልካ ነው፤ በክረምት እግር የሚውጥ፣ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ የሚሰነጣጠቅ። እኔ በየቀኑ ይህን መንገድ ሄጄ መመለስ አለብኝ፤ በመካከሉም ከመንደር መንደር በረዶ ተሸክሜ መሮጥ አለብኝ። አባቴ አንድ ወይፈን ሸጠና ገንዘቡን ለእኔ ሳይሆን ለአጎቴ ለአያ ውቤ ሰጠው። «ከዚህ ሌላ ወይፈን የለኝም» አለ። «ልጁ ለዓይኑ የጣመውን ነው የሚገዛ፤ አንተ ምረጥለት።»

አያ ውቤ ብስክሌት በቅርብ አይቶ አያውቅም። በሬ ግን ያውቃል። ከወረታ እስከ አንበሳሜ ገበያ እሱ ሳያየው በሬ የሚገዛ ሰው ቢኖር ወይ እንግዳ ነው ወይ ሞኝ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት አጎትና የእህት ልጅ የጥቅምቱ ብርድ ሳይለቅ በማለዳ ተነሥተን፣ ያደረ ዳቦ በተልባ እያጣቀስን በልተን፣ ወረታ ጋሽ ተክሌ ሱቅ ደረስን። ጋሽ ተክሌ ከደሴ የመጣ ብስክሌት ጠጋኝ ነው፤ የሚሸጥ ሁለት ብስክሌት ነበረው። አንዱ ጥቁር፣ ከባድ፣ አጥንተ ሰፊ ነው። ሌላው ኮርሳ የሚሉት የእሽቅድምድም ብስክሌት ነው፤ ቀይ፣ ቀጭን፣ ቀንዱ የተቆለመመ። እኔ ገና ከሩቅ ሳየው ልቤ ሄደ።

አያ ውቤ ይመረምር ጀመር። ኮርቻውን እንደ በሬ ወገብ በመዳፉ ጫን አደረገው። የኋላውን ከመሬት አንሥቶ ለቀቀው። ጎንበስ ብሎ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ጥርስ በአውራ ጣቱ ዳሰሰና «ይኸ ጥቁሩ አርጅቷል፤ ጥርሱ አልቋል። ቀዩ ገና ነው» አለ። ጋሽ ተክሌ ደነገጠ። እውነቱን ነበር።

«እንግዲያው ቀዩን እንግዛ፣ አያ ውቤ» አልሁ።

«ለምን?»

«ያምራል። ይሮጣል።»

«ለቀንዱ ብለህ ነው! በሬ ለቀንዱ የሚገዛ ሰው በቀንዱ ይረስ።» ወደ ጋሽ ተክሌ ዞረ። «አየህ፣ እኛ ሳንጠምድ በሬ አንገዛም። ልጁ ሁለቱንም ይሞክራቸዋል።»

«አባቴ፣ ይኸ እኮ በሬ አይደለም። ይዞት ቢጠፋስ?»

«ዋስ እጠራለሁ።»

«ማንን ሊጠሩ ነው?»

«እኔን ነዋ!» አለና አንድ የለስላሳ ሣጥን ገልብጦ በሱቁ በር ላይ ተቀመጠ። «እሱ እስኪመለስ ወዴትም አልንቀሳቀስም። ሻይ አስመጣልኝ።»

ዋስ ተቀምጦ አላበቃም። አንዲት ገበያተኛ ጠራና አሥር እንቁላል ገዛ፤ በጭድ ሸፍኖ በቅርጫት አደረገና ከብስክሌቱ ኋላ አሰረልኝ። «ጠርሙስ ነው በለው» አለኝ። «ሄደህ ከመንደራችን ቤተ ክርስቲያን በታች ካለው ሾላ ቅጠል ቀንጥበህ ና። ያለዚያ መንገድ ላይ ጠላ ቤት ተቀምጠህ ደርሻለሁ ትለኛለህ።» ሰዓት ስላልነበረው የምቆይበትን ጊዜ በሻይ ብርጭቆ ሊቆጥር ወሰነ፤ አንዱን ጨርሶ ሌላውን ያስከትላል።

በኮርሳው ወጣሁ። ወገኖቼ፣ ያን ዕለት ጠጠሩ ላይ እንዴት እንደበረርሁ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ነፋሱ ሸሚዜን ነፍቶት በርሜል አከልሁ። ከጎንደር የሚመጣ የጭነት መኪና ሾፌር አንገቱን አውጥቶ «አንተ ምን ጉድ ነህ?» ብሎ ጮኸ። ሜዳችን ፎገራ ያን ጊዜ ሙሽራ ናት፤ ውሃው ሸሽቷል፣ ላሞቹን ሣር እስከ ደረታቸው ውጧቸዋል፣ ኑጉ ቢጫ ለብሷል። መገንጠያው ላይ እንኳ ፍጥነቴን አልቀነስሁም። እዚያ ነው የተሳሳትሁት። ዋልካው መሰንጠቅ ጀምሮ ነበር፤ ያ ቀጭን ጎማ አንዱን ንቃቃት ከጫፍ እስከ ጫፍ አገኘውና ቢላ ወደ ሰገባው እንደሚገባ ገባ። ብስክሌቱ ቆመ። እኔ ግን አልቆምሁም።

ኑጉ ውስጥ ነው የተነሣሁት፤ ፊቴ፣ ፀጉሬ፣ ሁሉ ነገሬ ቢጫ። እንቁላሉ በጭዱ ውስጥ ይፈስሳል። ሾላው ገና ሩቅ ነበር። እንግዲህ እውነት ልናገር ብያለሁና አልደብቅም፤ ከመንገዱ ዳር ካለ ዛፍ ቅጠል ቀጠፍሁና እየገፋሁት ተመለስሁ።

አያ ውቤ ስድስተኛ ብርጭቆው ላይ ነበር። ቢጫ ፊቴን አየ፣ ቅርጫቱን አየ። ቅጠሉን ተቀበለና ግንጣዩን ቀነጠበው።

«ይኸ ዋንዛ ነው» አለ።

«ሾላ ነው፣ አያ ውቤ።»

«ሾላ ሲቀነጠብ ወተት ያወጣል። ይኸ ደረቅ ነው፤ እንዳንተ ፊት።»

ገበያው ሁሉ ሳቀብኝ። ጋሽ ተክሌ ሳቁን በጨርቅ አፈነ። አጎቴ ሌላ አሥር እንቁላል ገዛና በጥቁሩ ላከኝ።

ስለ ጥቁሩ ብዙ የምለው የለኝም። ዋልካውን ረግጦ አለፈ፣ ንቃቃቱን ናቀው፤ አንድም እንቁላል አልተሰበረም፣ ቅጠሉም ወተቱን አፈሰሰ። ግን ጠጠሩ ላይ ተጎተተ፤ ስመለስ አያ ውቤ ብርጭቆውን እንደ አዲስ ቆጥሮ አሥራ አንድ ጠጥቷል። ይባስ ብሎ ሐኪም ጌታሁን በዚያ ሲያልፍ ቆሞ ያየኛል።

«ይርጋ፣ በዚህ ከሄድህማ ክትባቱን አፍልተህ ነው የምታደርሰው» አለኝ። «ከዚህስ በቅሎዋ ትሻላለች።»

አንገቴን ደፋሁ። አንዱ ይሰብራል፣ ሌላው ያቀልጣል፤ ሦስተኛ የለም። ወይፈኑ ተሸጧል፣ ሰኞ ደርሷል። የዚያ የአንበሳሜ ልጅ በቅሎ በዓይኔ ላይ ሄደች፤ ስሜ ያልተጻፈበት መዝገብ ታየኝ።

አያ ውቤ ከሣጥኑ ተነሣ። እንቁላል የደረቀበትን ኮርሳ ወዳስተኛሁበት ሄደ፣ የፊቱን ጎማ የበሬ እግር እንደሚያነሣ አድርጎ አነሣና ጉልበቱ ላይ አሳረፈው። የጎማውን ስፋት በአውራ ጣቱ ለካው።

«ገላው ደህና ነው» አለ፣ ለራሱ ይመስላል። «ኮቴው ነው። ይኸ የደጋ በሬ ነው፤ ድንጋይ ላይ ነው ያደገው። የኛ በሬ ኮቴው ሰፊ ነው፣ ዋልካ አይውጠውም።»

እኔ ብድግ አልሁ። «ጋሽ ተክሌ፣ የዚህ ኮቴ ይቀየራል?»

«ጎማውን ነው? በዚህ ልክ ወፈር ያለ አንድ ጥንድ አለኝ፤ ግን አይገባም። ይፋተጋል።»

ትንሿን ጣቴን በጎማውና በሹካው መካከል አስገባሁ። ገባች፤ ከጭቃ መከላከያው፣ ከፓራፋንጎው ጋር ግን ተጋጨች። «ፓራፋንጎው ቢወልቅስ?»

«ጭቃው ጀርባህ ላይ ይወጣላ!»

«ጀርባዬ ይታጠባል።»

ጋሽ ተክሌ ራሱን እየነቀነቀ ከጣሪያው ላይ ሁለት አቧራ የጠጡ ጎማዎች አወረደ። አብረን ፈታን፣ አብረን ገጠምን። እሱ እንደ ድንጋይ እስኪጠነክር ሊነፋው ሲል እጁን ያዝሁት። «ተው፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት ትንሽ እሺ ይበል።» ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ከራሴ ጭንቅላት ነው የወጣ። ሐኪሙም ቡና ቤት መሄዱን ትቶ ቆመ። የጥቁሩን መንገድ ያለፉት አሥሩ እንቁላሎች ወደ ኮርሳው ተዛወሩ።

እነሆ ሦስተኛውን ጉዞ ሄድሁ። ጠጠሩ ላይ እንደ መጀመሪያው በረርሁ፤ ከነፋሱ በቀር የጎማው ድምፅ ብቻ ይሰማኛል፣ ሽርርር ይላል። መገንጠያው ላይ ልቤ ቆመ። ያ ንቃቃት እዚያው አፉን ከፍቶ ይጠብቀኛል፤ የወደቅሁበት ኑግ እንኳ ገና አልተነሣም። ጎማው ነካው፣ ዘለለው፣ አለፈ። ጮኽሁ። ሽምብራ የሚዘሩ ሰዎች እርፍ ይዘው ቀና አሉ። «ምን አገኘህ?» አለኝ አንዱ። «ሥራ!» አልሁት፣ ሳልቆም።

ስመለስ አያ ውቤ አምስተኛውን ብርጭቆ ገና ወደ አፉ እያስጠጋ ነበር። ቅጠሉን ቀነጠበ፤ ወተት። ቅርጫቱን ከፈተ፤ ዘጠኙ ደህና፣ አሥረኛው ስንጥቅ ብቻ። ሐኪም ጌታሁን የተሰነጠቀውን አንሥቶ ወደ ፀሐይ አየና «ሰኞ፣ ሁለት ሰዓት። እንዳትዘገይ» አለኝ።

እንቁላሎቹን ሻይ ቤት ወስደን በቃሪያ አስጠብሰን አራታችንም በላናቸው። አያ ውቤ ያን ዕለት ከሃያ የበለጠ ሻይ ጠጥቶ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣ። እኔም መቀመጫዬ ስላበጠ በማግሥቱ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርጄ ተዘፈዘፍሁ። ሰኞ ግን ከሐኪሙ በፊት በሩ ላይ ነበርሁ። በዚያች ኮርሳ ስንት ዓመት እንደሠራሁ፣ ስንት ላም በእኔ በረዶ እንደዳነች የፎገራ ሰው ይንገራችሁ።

ታሪኩን እንደ ልማዴ ለቤዛ አውርቼላት ሳበቃ ወደ ብስክሌት ሻጩ አብሬያት ሄድሁ። ሻጩ ጎረምሳ «ሳይከፈል ከሱቅ አይወጣም» አለ። የፕላስቲክ ወንበር ስቤ በሩ ላይ ተቀመጥሁ። «ዋሷ እኔ ነኝ። ሻይ አስመጣልኝ» አልሁት። ቤዛን ደግሞ ወደ ሾላው ላክኋት። ሾላው ዛሬም አለ፤ እንደኔ ነው፣ አላረጀም።

ሻዬን እየጠጣሁ ሳስብ አንድ ነገር ከነከነኝ። ይህን ታሪክ ስንቴ አወራሁት? በየሠርጉ፣ በየማኅበሩ። በወሬዬ ሁሉ፣ ለቤዛ በነገርኋትም ጭምር፣ ጎማውን አይቼ ነገሩን ያወቅሁት እኔ ነኝ፤ አያ ውቤ ሻይ የሚጠጣና የሚስቅ ሽማግሌ ብቻ ነው። ከሞተ ብዙ ዘመኑ ነው፣ አይከራከረኝም። ግን እዚያ ወንበር ላይ፣ ለሌላ ሰው ልጅ ዋስ ሆኜ ስቀመጥ፣ ከዚያ ከተገለበጠ ሣጥን ምን ይታይ እንደነበረ ገባኝ። መንገድ ነው የሚታየው። ባዶ መንገድና ያልመጣ ልጅ። እሱ እኔን በዓይኑ እየፈለገ ያን ሁሉ ብርጭቆ ጠጥቷል።

ቤዛ ፊቷ በርቶ መጣች። ቅጠሉን ሰጠችኝ። ቀነጠብሁት፤ ነጭ ወተት ጣቴ ላይ ፈሰሰ።

«አባባ፣ ይገርማል! ጠጠሩንም አስፋልቱንም ቻለው። እንዴት አድርገው ያኔ አሰቡት?»

«ሐሳቡ የአጎቴ ነው» አልኋት። «ኮቴው ጠበበ ያለው እሱ ነው።»

«ታዲያ የእርስዎ ምኑ ነው?»

«የሰማሁት እኔ ነኛ! ያን ቀን ስንት ሰው ቆሞ ነበር፤ ከእኔ በቀር ማን ሰማው?»

ሳቀች። ብርጭቆዎቹን ቆጠርሁ፤ አራት ናቸው። እኔ በአምስት ነበር የመጣሁ። እሷ ግን አብዛኛውን መንገድ በአስፋልት ነው የሄደች።